ወጌሻውና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ዙሪያ ቡና ሲለቀም ከዛፍ የወደቀ፣ ጆንያ ተሸክሞ ቁልቁለት ላይ የተንሸራተተ ወይም ከሞተር ሳይክል የተገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ ቤተሰቡንም ያውቃል። ሆስፒታል ከሄዱ እጅ ይቆረጣል የሚለው ፍርሃትም አለ። ዘመናዊው ሕክምና ወጌሻውን ይዋጋው ወይስ ያሰልጥነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። እኔ ያሰልጥነው እላለሁ፤ እጅና እግር የሚያሳጣው ዋናው ስህተት የታወቀና በአጭር ትምህርት የሚታረም ነውና።

ስህተቱ አጥብቆ ማሰር ነው። አጥንት ሲሰበር ውስጥ ለውስጥ ደም ይፈሳል፤ እብጠቱም እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ሊጨምር ይችላል። ጠዋት ልክ የነበረ የቀርከሃ ስንጣሪና ጨርቅ ማታ ማነቆ ይሆናል። ያበጠው ሥጋ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ደም ያግዳል፤ ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ደግሞ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊሞት ይችላል። በልጆች ላይ ከክርን በላይ የሚደርስ ስብራት የበለጠ ያሰጋል፤ የክንዱ ዋና የደም ሥር አጥንቱን ታክኮ ያልፋል። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝና መገርጣት ማስጠንቀቂያ ናቸው። «ስብራት ያማል፣ ቻለው» የሚባለው ልጅ እጁን የሚያጣው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

የኢትዮጵያዊው ሐኪም የመኮንን እሸቴ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታኒያ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። ሥልጠና ሕጋዊነት ያላብሳቸዋል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወጌሻው የሕዝቡን አመኔታ ያገኘው ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ነው፤ ቢከለከል ተደብቆ ይሠራል፤ የደነዘዘ ጣት ያየ ቤተሰብም ወደ ሐኪም ለመምጣት ይፈራል። በሌላ በኩል ወጌሻ ብዙ ሰው አድኗል የሚለው እውነትነት ቢኖረውም፣ ቀላል ወለምታና ቦታውን ያልለቀቀ ስብራት በአብዛኛው ካረፈ ራሱ ይድናል።

ጅማ ለዚህ ሥልጠና ትመቻለች። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው፣ ተማሪን ኅብረተሰቡ ውስጥ ማስተማርን መርሁ አድርጎ የኖረ ነው። ወጌሻው ሊማረው የሚገባው ብዙ አይደለም፦ ስብራቱን አለማሸትና አለመጎተት፣ ቀለበትና አምባር ቶሎ ማውለቅ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ በልኩ ማሰር፣ ጣቶቹን ክፍት መተው፣ ጥፍር ተጭኖ መልኩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለሱን ደጋግሞ ማየት፣ ጣት ሲደነዝዝ ማሰሪያውን መፍታት፣ ቆዳን የቀደደ ስብራት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወዲያው መላክ። ሆስፒታሉም በበኩሉ ከወጌሻ የተላከን ታካሚ ያለ ወቀሳ መቀበል አለበት፤ አንዱ ተሰድቦ ከተመለሰ ቀጣዩ ከቤቱ አይወጣም።