ሀዴራ ላይ ቡና ለመጠጣት ስንት ሰዓት ይበቃል?

ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በእስራኤሏ ሀዴራ ከተማ አክስት ወይም የወንድም ልጅ ካለው፣ ጉዞውን በቴል አቪቭ በኩል አድርጎ ዘመድ ጠይቆ ማለፍ ያምረዋል። ያስኬዳልም። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ሀዴራም ከቴል አቪቭ በሃይፋ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። መንገደኛን የሚያጉላላው በየቤቱ የሚነገረው ያልተጣራ ወሬ ነው።

«ትራንዚት እስከሆነ ድረስ ቪዛ አያስፈልግም» ይባላል። ሀዴራ ለመድረስ ግን ከማረፊያው መውጣት፣ ለመውጣትም በኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ባይጠየቅም፣ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የ25 ሼቄል የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የእስራኤል ዜጋ የሆነ ደግሞ ሌላ ፓስፖርት ቢኖረውም የሚገባውም የሚወጣውም በእስራኤሉ ነው። ይህን የሚዘነጉት በልጅነታቸው እዚያ ኖረው በኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ናቸው።

«የአሥር ሰዓት ቆይታ አለኝ፣ ተርፎ ይበቃኛል።» እስቲ እናስላው። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ፓስፖርት አሳይቶ፣ ሻንጣ ይዞ ለመውጣት አንድ ሰዓት። በባቡር ሀዴራ ደርሶ ከጣቢያው እስከ ዘመድ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል። ከበረራው በፊት ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መገኘት። የቀረው ሦስት ሰዓት ነው። አቦል፣ ቶናና በረካን ያለ ጥድፊያ ለጠጣ፣ ጎረቤትም «መጣ!» ሲባል ለሚሰበሰብበት ቤት ሦስት ሰዓት ምን አላት?

ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱ ለይስሙላ አይደለም። ቤን ጉሪዮን ላይ ሻንጣ ከመረከባቸው በፊት ይጠይቃሉ፤ ማን አዘጋጀው? አድርስልኝ ብሎ ዕቃ የሰጠዎት ሰው አለ? ለእኛ ሰው ከባዱ ይኸኛው ነው። ከሀዴራ የሚነሳ እንግዳ ለአዲስ አበባ ዘመድ የተሰፋ ጥቅል ሳይሸከም አይወጣም። «የዘመድ ዕቃ ምን ችግር አለው» የሚለው እምነት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ጥቅሉን ዘመድዎ ፊት ፈትተው ይዩ፣ ራስዎ መልሰው ያሽጉ፣ ሲጠየቁም እውነቱን ይናገሩ። ደብቆ መገኘት ከፍተሻው ይልቅ ያስረፍዳል።

ሻንጣው ራሱ እስከ አዲስ አበባ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ጉዞው በአንድ ቲኬት ሲሆንና ቆይታው ከ24 ሰዓት ሲያንስ ነው። ርካሽ ነው ብሎ ሁለት የተለያየ ቲኬት የገዛ ሰው ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ ራሱ ያስረክባል፤ የመጀመሪያው በረራ ቢሰረዝ ሁለተኛው ቲኬት ሊቃጠልበት ይችላል። በጋዛው ጦርነት ዓመታት ወደ ቴል አቪቭ የሚበሩ አየር መንገዶች በረራቸውን ደጋግመው እንዳቋረጡ ማስታወስ ይበጃል።

«ቅዳሜ ሁሉም ሰው ቤቱ ስለሚገኝ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ቤት መገኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት ባቡር የለም፣ አብዛኛው አውቶቡስም ቆሟል። ሰንበትን የሚጠብቁ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች መኪና አይነዱም፣ እሳት አያነዱም፤ ስለዚህ ቡናም አይፈላም። ዓርብ የተጋገረውን ዳቦ ይቆርሱልዎታል፣ መመለሻው ግን የራስዎ ራስ ምታት ነው።

«ሀዴራ ምን የሚታይ አላት?» ለዚህ ባሕር ዛፎቿ መልስ ይሰጣሉ። ከተማዋ በ1891 እ.ኤ.አ. ረግረግ ዳር ስትቆረቆር ከሰፋሪዎቿ ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ረግረጉን ባሕር ዛፍ ብቻውን አደረቀው የሚለው ትረካ ግን የግብፃውያን ሠራተኞችን ላብ ይረሳል፤ ባሮን ሮትሺልድ ገንዘብ አውጥተው ቦዮቹን ያስቆፈሩት በእነርሱ ነው። ባሕር ዛፉ የተተከለው ከዚያ ሥራ ጋር ነው፤ አዲስ አበባም ዛፉን ከአውስትራሊያ ያገኘችው በዚያው ዘመን፣ ለማገዶ ብላ ነበር።

ባሕር ዳር ለመውረድ የሚጓጓም አለ፤ ብዙ የእኛ ሰዎች የሚኖሩበት ጊቫት ኦልጋ ባሕሩ አጠገብ ነው። በብርዱ ወራት እዚያ ያለው የኃይል ማመንጫ የሚለቀው ሞቅ ያለ ውኃ ሻርኮችን ወደ ሀዴራ ወንዝ መግቢያ ይስባል። «ሰው አይነኩም» ሲባል ኖሯል፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. አንድ ዋናተኛ እዚያው በሻርክ ተገድሏል። ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

እንግዲህ ቆይታዎ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ካነሰ ዘመድዎን ቤን ጉሪዮን መቀበያው አዳራሽ ይቅጠሩ፤ ቡናውን በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። የሚያድሩ ከሆነ ሀዴራ ይሂዱ፣ ዓርብን ግን ያስወግዱ።