ፀሐይ፣ ቆዳና የአንድ ወጣት ሳሙና

በቆሼ ዙሪያ በርበሬ ሲለቀም አናት በሚበሳ ፀሐይ መዋል የተለመደ ነው። ጥቁር ቆዳ በቀለሙ ጨረሩን በከፊል ይከላከላል። ይህ ቀለም የሌላቸው አልቢኖ ወገኖቻችን ግን ለቆዳ ካንሰር እጅግ የተጋለጡ ናቸው።

ይህ ጉዳይ ያሳሰበው አንድ የሀገራችን ልጅ አለ። ሄመን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በሀገሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ማየቱን አልረሳም። በ14 ዓመቱ የቆዳ ካንሰርን የሚያክም ሳሙና በማሰቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሪ ኤም ኩባንያ ባዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ።

ኢሚኪሞድ የተባለው መድኃኒት የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ ያነሣሣል። ሳሙና ግን ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ወጣቱ መድኃኒቱን ከቅባት በተሠሩ፣ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ውስጥ በመክተት አረፋው ሲታጠብ ቆዳ ላይ እንዲቀር አቀደ።

ሳሙናው ገና በሰው ላይ አልተረጋገጠምና "የካንሰር ሳሙና" የሚል ነጋዴ ቢመጣ አትግዙ። አልቢኖ ልጅ ያላችሁ ባርኔጣና እጅጌው ረዥም ልብስ አልብሱት። አልሽር ያለ ቁስል፣ መልኩን የሚለውጥ ምልክት፣ በተለይም በውስጥ እግርና በመዳፍ ላይ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ የተደረሰበት የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።