ያውቁ ኖሯል? ወይን መቼ ይዳቀላል?

የቅዳሴው ወይን በሰቆጣ ከተማም ቢሆን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢብ የሚያፈራው ተክል ግን በብዙ አገር በራሱ ሥር አይቆምም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ ከአሜሪካ ገብታ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ስታደርቅ፣ መላ ሆኖ የተገኘው የአገሬውን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋመው የአሜሪካ ሥር ላይ ማዳቀል ነበር።

የድቀላው ነገር ከእጅ ጥበብ እኩል የወቅት ጉዳይ ነው። ሁለቱ ቁራጮች የሚጋጠሙት ቁስላቸው ላይ ነጣ ያለ ለስላሳ ሥጋ ሲያበቅሉ ነው፤ ለዚህም እርጥበትና ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሙቀት ይሻሉ። የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ ያለባት ዝዋይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሰቆጣ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዳማው የታኅሣሥ ሌሊቷ ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ቅርንጫፉን በብርዱ ወራት፣ ሳያቆጠቁጥ ቆርጦ በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ማቆየት፣ ማዳቀሉን ደግሞ ቀኑ ሞቅ ሲል ማድረግ ይሻላል። እጅግ ከዘገየም ከግንዱ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል።

ችግሩ፣ ያው ሙቀትና እርጥበት ለግራጫ ሻጋታም ድግስ መሆኑ ነው። ቁራጮቹ ከመቀመጣቸው በፊት በፀረ ፈንገስ የሚነከሩት ለዚህ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት ግን አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ሲበዛ አዲሱን ሥጋ ሊጎዳ ይችላል። እንጨቱ ውስጥ ዘልቀው የተደበቁትን ፈንገሶች ደግሞ ንክሩ አይደርስባቸውም፤ ለእነሱ በውጭ አገር ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች ቁራጩን 50 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይዘፈዝፋሉ።