«ዴቭልድ ኤግስ» በሐላል መንገድ፦ ለዒድ ረፋድ ማዕድ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመሥሪያ ቤት ግብዣም ሆነ በጎረቤት ቤት፣ ረፋድ ላይ በሚቀርበው የ«ብረንች» ማዕድ ላይ አንድ ምግብ ደጋግሞ ያጋጥማቸዋል፦ ለሁለት የተከፈለ ቅቅል እንቁላል፣ አስኳሉ ወጥቶ ከተቀመመ በኋላ ተመልሶ የተሞላበት። ስሙ «ዴቭልድ ኤግስ» ነው። ቃሉ ከሸይጧን ስም የተወሰደ በመሆኑ ሳይቀምሱት የሚሸሹት አሉ።

እንግሊዛውያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅመሙ የሚያቃጥል ምግብን በዚህ ቃል መጥራት ጀመሩ፤ ከማቃጠሉ ያለፈ ነገር የለበትም። ምግቡ ራሱ ደግሞ ከስሙ በብዙ ይቀድማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ፣ አስኳሉን ከድንብላል፣ ከሽንኩርት ጭማቂ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከዘይት ጋር አሽቶ ወደ ነጩ መመለስን፣ ሁለቱን ግማሽ ገጥሞ በስንጥር ማያያዝን ያስተምራል። ማዮኔዙ ኋላ የመጣ ነው።

ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከሚገባበት ነገር ነው። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ቀይ ፍርፋሪ ፓፕሪካ ሊሆን ይችላል፤ የአሳማ ሥጋ ቤከንም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የ«ዲዦን» ሰናፍጭ ነጭ ወይን ይገባበታል። ስለዚህ በሰው ቤት መጠየቅ፣ በሱቅ ደግሞ ጀርባውን ማንበብ ነው። በእኛም ቤት አዋዜ ለመጨመር ያሰበ ሰው ጠጅ ወይም አረቄ ያልገባበት መሆኑን ያረጋግጥ።

ለ6 እንቁላል 3 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የአፕል ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይበቃል። የዛሬ እንቁላል ልጣጩ አልላቀቅ ብሎ ነጩን ይቦጫጭቀዋል፤ ሳምንት ያህል ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ይሻላል። ውኃው ከፈላ በኋላ በቀስታ አስገብታችሁ 12 ደቂቃ ቀቅሉ፣ ወዲያው በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ክተቱ። ከዚህ በላይ ከቆየ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣል። የነጩ ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው፤ አይጎዳም፣ ግን መልኩም ሽታውም ደስ አይልም።

ጣዕሙን የሚወስነው አስኳሉ ነው። በሹካ ብቻ ከደቆሳችሁት እብጠት ይቀርበታል፤ በወንፊት አሳልፉት፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ጨውና ኮምጣጤውን ስትቀምሱ ትንሽ በረታ ያለ ይሁን፤ ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ ነጩም ራሱ አልጫ ነው። ሚጥሚጣው ግን እየቀመሳችሁ ይግባ፤ ከፓፕሪካ ጋር አይወዳደርም። በርበሬ ከመረጣችሁ በትንሽ ዘይት አብስሉት፣ አለበለዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል። ላዩ ላይ በስሱ የተከተፈ ቃሪያ ወይም የድንብላል ቅጠል ያምርበታል።

ለዒድ ከሆነ ነጩንና ሙሌቱን ዋዜማውን ለየብቻ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ ከሰላት መልስ ሙሌቱን ጥጉ በተቆረጠ ፌስታል ጨምቃችሁ መሙላት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ግብዣው በጠራራ በጋ በመናፈሻ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ወይም ሳህኑን በረዶ ላይ አስቀምጡት።