የካቡኪ ተውኔት ስያሜዎችና «አስማት» የሚለው ቃል

ካቡኪ ዜማን፣ ጭፈራንና ትወናን ያጣመረ የጃፓን ቲያትር ነው። መነሻው በ1603 እ.ኤ.አ. ኦኩኒ የምትባል ሴት በኪዮቶ ያሳየችው ጭፈራ ነው። ስያሜው የወጣው «ማዘንበል፣ ከወትሮው ሥርዓት መውጣት» የሚል ፍቺ ካለው ግስ ሲሆን፣ «ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ጥበብ» በሚሉ ሦስት ምልክቶች መጻፉ ኋላ የመጣ ነው። ተርጓሚ ምልክቶቹን ተከትሎ ቢፈታው ጥንተ ነገሩን ይስታል፤ ስለዚህ ቃሉ እንዳለ ይወሰድ እንላለን።

ችግሩ የሚከፋው ግን በተአምረኞቹ ታሪኮች ላይ ነው። ተርጓሚ ሁሉንም «አስማት» በሚለው አንድ ቃል ሊያጠቃልላቸው ይቃጣዋል። አስማት በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ በእኛም ዘንድ የሚያመለክተው ኅቡእ ስሞችን በመድገም የሚገኝ ኃይልን ነው።

«ናሩካሚ» በተባለው ተውኔት አንድ መነኩሴ ቤተ መንግሥቱ ቃሉን ቢያጥፍበት፣ ዝናብ የሚያወርዱትን የዘንዶ አማልክት በፏፏቴ ሥር በተቀደሰ ገመድ ይዘጋባቸዋል። አገሩ በድርቅ ይመታል። በመጨረሻ ከቤተ መንግሥት የተላከች ወይዘሮ መነኩሴውን አስክራ ገመዱን ትቆርጣለች፤ ዝናቡም ይወርዳል። የመነኩሴው ኃይል የተገኘው በትሕርምት ነውና «ጠንቋይ» ማለት ያልሆነውን ማድረግ ነው። «ዝናብ አሰረ» የሚለው ንግግራችን ለዚህ ይበቃል።

ጂራይያ ደግሞ ሌላ ነው። ሞኩዓሚ በ1852 እ.ኤ.አ. ለካቡኪ ያዘጋጀው የዚህ ሰው ጀብዱ የሽፍታ ታሪክ ነው («ሽፍታ» ወንበዴንም ጀግናንም ስለሚያቅፍ ከዚህ የተሻለ አቻ አላገኘንም)። ጂራይያ በተማረው ጥበብ ግዙፍ ጉርጥ ሆኖ ይታያል። ለዓይን ታይቶ ለማይጨበጥ ነገር ግዕዝ «ምትሐት» ይላልና እዚህ ላይ ይኸው ይስማማል።

«ዮሺትሱኔ ሴንቦን ዛኩራ» በ1747 እ.ኤ.አ. ለአሻንጉሊት ቲያትር ተደርሶ በማግሥቱ ዓመት ወደ ካቡኪ ገባ። በእርሱም አንድ ቀበሮ ታዳኖቡ የተባለውን ወታደር ተመስሎ ከአንድ ከበሮ አይለይም፤ ከበሮው የተለጎመው በአባቱና በእናቱ ቆዳ ነውና። ያገራችን አንባቢ አውሬ ሰው ሆነ ሲባል ጅብንና ቡዳን ማሰቡ አይቀርም። ተርጓሚው ግን በዚህ ተስቦ አውሬውን አይለውጥ። ታሪኩ የልጅ ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትምና «ቀበሮ» ይባል፤ ግሱም «ተመሰለ» ይሁን።

ተዋናዩ በቅጽበት ልብስ የሚለውጥበትና በገመድ ተንጠልጥሎ ከተመልካች በላይ የሚበርበት ዘዴ «ኬረን» ይባላል። ሦስተኛው ኢቺካዋ ኤንኖሱኬ ይህን ቀበሮ ሆኖ መብረርን በ1968 እ.ኤ.አ. መልሶ አሳይቷል። ይህ የተዋናዩ ሥራ እንጂ የታሪኩ ኃይል አይደለምና፣ ከላይ ካነሣናቸው ቃላት በአንዱም ሳይሆን «የመድረክ ብልሃት» ተብሎ ይተርጎም።