በሀርሺን ገሎል ለምን ሳይቆረጥ ይቀራል?

በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን፣ ከሶማሌላንድ ጋር በሚዋሰነው የሀርሺን ወረዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ሰውም እንስሳውም በዝናብ ወራት ቢርካ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ እየጠጣ ጂላልን፣ ማለትም ረጅሙን የበጋ ወቅት መሻገር አለበት። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቶ ጎርፍ የሚገባበት ማጠራቀሚያ ነው። አካባቢን ስለ መንከባከብ ከዚህ ሕዝብ ጋር የሚወራ ሰው ወሬውን ከቢርካው ቢጀምር በቶሎ ይግባባል።

ምክንያቱም ቀላል ነው። ከቢርካው በላይ ያለው መሬት ዛፍና ሣር ካለው ጎርፉ ረጋ ብሎ ይወርዳል። መሬቱ ከተራቆተ ግን ውኃው አፈሩን ጠርጎ ይዞ ይገባል፤ ቢርካው ውኃ ሊይዝ የሚገባውን ቦታ ደለል ይይዘዋል። ደለሉን የሚያወጣው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ በአካፋ፣ በጠራራ ፀሐይ። አንድ አርብቶ አደር ከቢርካው በላይ ያለን ገሎል አላስነካም ሲል የሚከላከለው በጂላል የሚጠጣውን ውኃ ነው። ገሎል ሌላም ሥራ አለው። ሣር ሲያልቅ ቅጠሉና ፍሬው ለግመልና ለፍየል መኖ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ መንጋው የሚያርፈውም በጥላው ሥር ነው።

ፈተናው ከሰል ነው። የገሎል ከሰል ጠንካራና ለረጅም ጊዜ የሚነድ በመሆኑ ገዢ አያጣም። በተለመደው መንገድ አፈር አልብሶ በማክሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አስር ኪሎ እንጨት ይነዳል። ለማደግ ብዙ ዓመታት የፈጀ ዛፍ በጥቂት ቀናት ጆንያ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ አርብቶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር፣ ከብቱ ላለቀበት ቤተሰብ ገበያ የሚወስደው ሌላ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከሰል አክሳዩን በስብሰባ ላይ መውቀስ ብዙም ፋይዳ ያለው አይመስለኝም። የተራበ ሰው ዛፉን የሚምረው ሌላ የሚሸጠው ሲኖረው ነው። በሀርሺን ይህ ነገር በአብዛኛው ወተት ነው፤ ድንበር ተሻግሮ እስከ ሐርጌሳ ይሸጣል። ወተቱ የሚገኘው ደግሞ ግጦሹ ሲኖር ነው።

የእንጨት ጉዳይ በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ሐርትሼክ ላይ ሲሰፍር ጣቢያው በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደረሰ። እስከተዘጋበት እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ ምግቡን የሚያበስለው ከዙሪያው በሚለቀም እንጨት ነበር። በጎረቤት ቀብሪበያህ መጠለያ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እንጨት ፍለጋ ርቀው የሚሄዱ ሴቶች በመንገድ ላይ ጥቃት ይደርስባቸው ነበር። ጋያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከስኳር ተረፈ ምርት በሚገኝ ኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለቤተሰቦቹ አዳረሰ፤ ለዚህ ሥራውም በ2000 ዓ.ም. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። እናቶቹ ምድጃውን የሚወዱት በመጀመሪያ ልጃቸውን ወደ ጫካ ከመላክ ስለሚያድናቸውና ቤታቸው በጭስ ስለማይሞላ ነው። ዛፉ የዳነው በዚያው ነው።

ፌስታልም እንዲሁ ነው። የከተማ ሰው ፌስታልን የሚጠላው መንገድ ስለሚያቆሽሽ ይሆናል። አርብቶ አደሩ ግን የሚያገኘው ባረደው ፍየል ጨጓራ ውስጥ ነው። የምግብ ሽታ ወይም ጨው የነካው ፌስታል እንስሳውን ይስባል፤ ከተዋጠ በኋላ አይፈጭም፣ አይወጣም። እየተጠቀለለ ጨጓራውን ሲሞላ እንስሳው የጠገበ እየመሰለው መብላት ይተዋል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ሣር በጠፋበት ወቅት ደግሞ የሚበላው ብዙ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ በሀርሺን ገበያ ተግባራዊ እንዲሆን ከተፈለገ ነጋዴውን ከመቅጣት ጎን ለጎን ከታረደ እንስሳ ሆድ የወጣ አንድ ጥቅልል ፌስታል ማሳየት የበለጠ ያሳምናል።

በዚህ ረገድ የሶማሌ እናቶች ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቁትን መርሳት አይገባም። ከተክል ጭረት የሚሰፋው፣ ሀን የሚባለው የወተት ዕቃ በተመረጠ እንጨት ጭስ ታጥኖ ወተትን ከመበላሸት ይጠብቃል። ቢጫው ጀሪካን ቀሎና ረክሶ ቦታውን ወስዷል፤ ነገር ግን ውስጡን አጥቦ ማጥራት ያስቸግራል፣ ወተቱም ቶሎ ይመራል። ሀኑ ካልተረሳ የሚታጠንበትን ዛፍ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ከባዱ ጥያቄ አጥር ነው። ብዙ ቤተሰብ ለራሱ ከብት ወይም ለሽያጭ የሚሆን ሣር ለማቆየት የጋራውን ግጦሽ እየከለለ ይዟል። ለአንድ ቤተሰብ ሲታይ ይህ መልካም ጥበቃ ይመስላል። ነገር ግን የእሾህ አጥሩ እየበሰበሰና ምስጥ እየበላው በየጊዜው አዲስ ቅርንጫፍ ይቆረጥለታል፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው መሬት ደግሞ የሁሉም መንጋ ስለሚሰፍርበት ይራቆታል። በተራቆተው ቦታ እንስሳ የማይበላው አረም ይተካል። ሰዎች ይህን አረም «ካሊጊኖሌ»፣ ብቻውን የሚኖር፣ ይሉታል። ስያሜው ባሕርይውን በደንብ ይገልጻል።

በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ወዲህ በየክረምቱ የችግኝ ቁጥር ሲነገር እንሰማለን። ለሀርሺን ግን የቆመውን ዛፍ መጠበቅ ቢቀድም እመርጣለሁ፤ ችግኝ ውኃ ይፈልጋል፣ ከፍየልም ማምለጥ አለበት። የአገር ሽማግሌዎች በሄር፣ ማለትም በባህላዊው ሕግ፣ የትኛው ግጦሽ ሳይታጠር ክፍት እንደሚቆይ፣ ከየትኛው ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ተመልምሎ ግንዱ እንደሚተው ቢወስኑ ከሩቅ ከሚመጣ መመሪያ ይልቅ ይከበራል። ለዚህ ዓመት ደግሞ የመጀመሪያው የጉ ዝናብ ሳይጥል የቢርካውን የደለል መያዣ መጥረግ፣ ጎርፉ በሚመጣበት መንገድ ያለውን ፌስታል መልቀምና ከቢርካው በላይ ያሉትን ገሎሎች ቆጥሮ ማወቅ የአንድ ቤተሰብ የሁለት ቀን ሥራ ነው።