የሠራተኛ ሰዓት ለምን ይመዘገባል? የእርዳታ ገንዘብና የደመወዝ ተጠያቂነት

ነቀምት፦ ለውኃ ፕሮጀክት የተገዛ ሲሚንቶ ደረሰኝ አለው፤ የተዘረጋ ቧንቧም በሜትር ይለካል። በዚያው ፕሮጀክት ስም የተከፈለ የባለሙያ ደመወዝ ግን በዓይን አይታይም፤ በሜትርም አይለካም። በተለምዶ «ታይም ሺት» የሚባለው የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ የሰው ጉልበት ደረሰኝ ሆኖ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ባሉ ከተሞች በእርዳታ ገንዘብ የሚሠራ ማንኛውንም ድርጅት ይመለከታል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም አንድ ሾፌር በአንድ ወር ውስጥ ሁለትና ሦስት ፕሮጀክቶችን ሊያገለግል ይችላል። ደመወዙ ከየትኛው የገንዘብ ምንጭ ምን ያህል መከፈል እንዳለበት የሚወስነው በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ያዋለው ሰዓት ነው።

ለምሳሌ የወር ደመወዙ 24,000 ብር የሆነ ባለሙያ በወሩ 160 ሰዓት ሠራ እንበል። 96 ሰዓቱን ለምንጭ ውኃ ፕሮጀክት፣ 48 ሰዓቱን ለጤና ፕሮጀክት፣ ቀሪውን 16 ሰዓት ለጠቅላላ የቢሮ ሥራ ካዋለ፣ ደመወዙ በቅደም ተከተል 14,400፣ 7,200 እና 2,400 ብር ሆኖ ይከፈላል። ድርጅቱ ግን በዕቅዱ ላይ የተጻፈውን 80 በመቶ ብቻ ተከትሎ 19,200 ብር ለውኃው ፕሮጀክት ቢያስመዘግብ፣ 4,800 ብሩ ያለ አግባብ የተያዘ ወጪ ይሆናል። ኦዲተር ሲደርስበትም ገንዘቡ እንዲመለስ ይጠየቃል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው የእርዳታ አስተዳደር ደንብ ይህንኑ በግልጽ ያስቀምጣል። በደንቡ መሠረት የደመወዝ ወጪ በትክክል የተሠራውን ሥራ በሚያሳይ መዝገብ መደገፍ አለበት። መዝገቡም ሠራተኛው ደመወዝ የተከፈለበትን ሥራ በሙሉ እንጂ የአንዱን ፕሮጀክት ድርሻ ብቻ መያዝ የለበትም። የበጀት ግምት ለጊዜው ሊያገለግል ቢችልም ብቻውን በቂ ማስረጃ ስለማይሆን ከእውነተኛው ሥራ ጋር ተነጻጽሮ መታረም ይኖርበታል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ማቋረጡ የመዝገብን አስፈላጊነት አላስቀረም። በደንቡ መሠረት የፕሮጀክት ሰነዶች የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ3 ዓመት መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ ቢሮ መዝጋት መዝገብ ለመጣል ፈቃድ አይሰጥም።

የአገር ውስጡ ሕግም የራሱ መስፈርት አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማሳየት የሰዓት መዝገቡ ዋነኛ ማስረጃ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጋሾች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሪፖርት ሲጠይቁ፣ ጁላይ የሚባለው ወር ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ይዘልቃል። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑ አንዱ ቅጽ ሁለት በጀት ዓመታትን ይነካል። የጳጉሜን ቀናትም የተለየ ደመወዝ ባይኖራቸውም የሥራ ቀናት ናቸው። ሥራው በየቀኑ ከተመዘገበ ወደ የትኛውም አቆጣጠር መመለስ አያዳግትም፤ በወሩ መጨረሻ በግምት የተሞላ ቅጽ ግን ይህን አያስችልም።

የመንግሥት ሠራተኛን በተመለከተ ጥያቄው ይከብዳል። የልማት ጣቢያ ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዛቸው ከመንግሥት በጀት ይከፈላል። ያንኑ የሥራ ሰዓት ለእርዳታ ፕሮጀክት እንደገና ማስከፈል አንድን ቀን ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። በመደበኛው ሰዓት የተሠራውንና ከዚያ ውጪ የተሠራውን የሚለየውም መዝገቡ ነው።

ጥሩ መዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቀኑ፣ የተሠራው ሥራ፣ የፕሮጀክቱ ስምና የሰዓቱ ብዛት ይጻፋል፤ ፈቃድና በዓልም ይመዘገባሉ። ሠራተኛው ይፈርማል፤ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ኃላፊም አይቶ ያጸድቃል። ሥራው ሳይሠራ አስቀድሞ የተፈረመ ቅጽ፣ ወይም በየወሩ ሳይለወጥ የሚደጋገም አኃዝ፣ የኦዲተርን ጥርጣሬ ይስባል።

ኪሳራው በመጨረሻ የሚያርፈው በተጠቃሚው ላይ ነው። ተቀባይነት ያጣ ደመወዝ ከድርጅቱ ሌላ ገንዘብ ሲመለስ፣ ለምንጭ ማጎልበቻ ወይም ለዘር መግዣ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ይቀንሳል። በመሆኑም አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ በፕሮጀክት ማስተዋወቂያና ማጠቃለያ ስብሰባዎች ላይ ስንት ቧንቧ እንደተገዛ ሲጠይቅ፣ ለባለሙያ የተከፈለው ገንዘብ ስንት የሥራ ቀን እንዳስገኘ አብሮ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።